የመለስኩት ካሜራ

ለማከብርሽና ለምወድሽ እኅቴ፣ ለእታለም፤

እንዴት ሰንብተሽልኛል? ወገብሽ እንዴት ነው? ጠዋት ጠዋት የሚነሳብሽ ራስ ምታት ለቀቀሽ ወይስ ዛሬም ግንባርሽን በሻሽ አስረሽ ነው የምትውይው? እማማስ ጉልበቷ ደረጃውን እሺ ይላታል? ባለቤትሽ ከመንገድ በሰላም ይገባል? ትንሿ ልጅሽስ የወለቀው የፊት ጥርሷ በቀለላት ወይስ አሁንም ስትስቅ አፏን በእጇ ትከድናለች? የሁላችሁንም ጤና አንድ በአንድ ብጠይቅ ደስ ይለኝ ነበር፤ የአንዱን ግን ሳልጠይቅ መልሱን አውቄዋለሁና ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እገባለሁ፤ ከዚህ የበለጠ ደህንነት ካለ እስካሁን አልደረሰኝም። ሰሞኑን ዝናቡ አያባራም። የምንሠራበት ሜዳ ላይ ውኃው ስለሚያቁር አውሮፕላኖቹ ኩሬ ውስጥ የቆሙ ይመስላሉ። እኛ ሻንጣ ጫኞቹ ቢጫ የዝናብ ልብሳችንን ደርበን ከጋሪ ወደ አውሮፕላን ሆድ፣ ከአውሮፕላን ሆድ ወደ ጋሪ ስንወረውር እንውላለን። እንወረውራለን ማለቴ አይግረምሽ። «በጥንቃቄ ይያዝ» ተብሎ የተለጠፈበት ሻንጣ ሲመጣ አሁን አሁን ሳቄ ይመጣል። እዚያ ዝናብ ውስጥ ቆሞ ማን ሊያነብ ነው?

በስልክ እያገኘሁሽ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። ስደውል አባባ አጠገብሽ ነው፤ ድምፁን ለሁላችንም አሰሚው ይልሻል፣ አንቺም እሺ ትያለሽ። ይሄኛው ነገር ደግሞ እሱ ባለበት የሚወራ አይደለም። ከሥራ ጓደኞቼ አንዱ በእናንተ በኩል ለእረፍት ስለሚያልፍ ይህን ወረቀት በእጁ አስይዤዋለሁ። ከአንቺ በቀር ለማንም እንዳይሰጥ አደራ ብዬዋለሁ፤ አፉም የታመነ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርልሽ። የእረፍት ፈቃድ ማግኘቴን የነገርኳችሁ ቀን አባባ ስልኩን ከእጅሽ ተቀበለ። ከእኔ ከራሴ በቀር ምንም እንደማይፈልግ በደንብ ካስረዳኝ በኋላ የሚፈልገውን መናገር ጀመረ። የፎቶ ቤታችን ካሜራ መዝጊያው ተጣብቆ ከቀረ ስንት ጊዜው፤ የሚጠግነውም ጠፋ። እንደዚያው ያለ፣ ሰፊውን ጥቅልል ፊልም የሚጎርስ፣ ከላይ ወደ ታች ጎንበስ ብለው በመስታወት የሚያዩበት ካሜራ ፈልግልኝ አለ። የሚያነሳበት አንድ ፎቶ ብቻ እንደሆነም ነገረኝ። የትኛው ፎቶ ብዬ አልጠየቅሁትም፣ አንቺም ብትሆኚ አትጠይቂውም።

የሰውን ቤተሰብ ሁሉ ሲያነሳ ኖሮ የእኛን የአራታችንን ፎቶ ያላነሳ ሰው ነው። ትዝ ይልሽ የለ፣ ከፊልሙ የመጨረሻዋ የእኛ ናት ይል ነበር። እማማ ፊታችንን አጥባ፣ ፀጉርሽን ጎንጉና፣ የእኔን ኮሌታ እስኪያንቀኝ ቆልፋ ባሕሩ ከተሳለበት መጋረጃ ፊት ትደረድረናለች። ልክ ያን ጊዜ በሩ ይንኳኳል። ለመታወቂያ የሚነሳ ሰው ይሆናል፣ ወይ ነገ መንገድ የሚሄድ ወታደር፣ ወይ ያለቀሰ ሕፃን ያቀፈች እናት። አባባ እኛን ቀና ብሎ ያያል፣ እኛም ሳይነገረን ከመጋረጃው ፊት እንነሳለን። እነሱ መንገደኛ ናቸው፣ እኛ እዚሁ ነን እያለ ስንቷን የመጨረሻ ፎቶ ለሰው ሰጠ። እዚሁ ነን ሲል እኔ ከአገር ወጥቼ እዚህ ቀረሁ። ያሉንን ፎቶዎች ብታገላብጪ እሱ የለም፤ ግቢ ውስጥ ከተነሳናቸው ባንዱ ላይ ጥላው እግራችን ሥር ወድቋል፣ ያው እሱ ነው።

አንቺ ደግሞ የዓይን ግፊቱ አንድ ዓይኑን እንዳደከመው፣ ሌላው ግን ደህና እንደሆነ ነግረሽኝ ነበር። ስለዚህ የእኔ ጭንቀት አንድ ብቻ ነበር፤ መስታወቱ ብሩህ የሆነ፣ በደከመ ዓይን የሚታይ ካሜራ ማግኘት።

መጀመሪያ የገዛሁት ግን ቦርሳውን ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልኩራ፣ በሌላው ነገር ቢያታልሉኝም በቦርሳ የሚያታልለኝ የለም። አብሮኝ የሚጭነውን ሰውዬ ይዤው ሄድኩ። እኛ «ቀስ በል» ነው የምንለው፤ ከሁላችንም አብልጦ የሚወረውረው እሱ ስለሆነ ነው ስሙ የወጣለት። ሻጩ ጎማ ያለው ጠንካራ ሻንጣ አወጣልን። ቀስ በል ጎማውን በአውራ ጣቱ ነካ አድርጎ ይቺ እኛ ዘንድ ውላ አታድርም አለው። ሻጩ እኛ ዘንድ የት እንደሆነ ስላላወቀ ቅር አለው። ሌላ አወጣ፤ ኪሶቹ ከውጭ ናቸው፣ የውጭ ኪስ ደግሞ ሻንጣውን የሚያጓጉዘው ተንቀሳቃሽ ቀበቶ ይነክሰዋል። ሌላው ዚፑ የልጅ ቀሚስ ዚፕ ያህላል። ሌላው ማንጠልጠያው ከላይ ብቻ ነው የተሰፋው፤ እንዲህ ያለው ሲሞላ ይወልቃል፣ እኔ ራሴ ማንጠልጠያውን ይዤ ሻንጣው መሬት የቀረበት ጊዜ ብዙ ነው።

በመጨረሻ ማንጠልጠያው በሆዱ ሥር ዞሮ የተሰፋ፣ ጎማም የውጭ ኪስም የሌለው፣ ረዘም ያለ የሸራ ቦርሳ አገኘን። ቀለሙ የዛገ ብረት ይመስላል። ጥቁር እንዳትገዙ፤ ጥቁር ሻንጣ የያዘ ሰው የሌላውን ይዞ ሲሄድ በየቀኑ አያለሁ። የእኔው ቦርሳ ባዶውን ሲያስቀምጡት እራቱን ያልበላ ሰው ይመስላል። ቀስ በል ወገቡን ይዞ ዙሪያውን ካየው በኋላ፣ ይሄንን እኔም ብወረውረው ምንም አይል ብሎ መሰከረለት። እኔ ግን የምገዛው ላስወረውረው አልነበረም። ከመቀመጫው በላይ ካለው ሣጥን እንዲገባልኝ ነው፤ የአባባን ካሜራ እኛ ለምንጭነው ሆድ አሳልፌ አልሰጥም። የጽዳት ሠራተኛዋን ለምኜ፣ ባዶ አውሮፕላን ውስጥ ገብቼ ቦርሳውን በጋዜጣ ሞልቼ ለካሁት። ገባ። ሴትዮዋ ሥራህን ልትለቅ ነው እንዴ ብላ ጠየቀችኝ፣ አባቴን ላይ ልሄድ ነው አልኳት።

ካሜራውን ፍለጋ ብቻዬን ሄድኩ። ከሰዓት ጠጋኙና ከጫማ ሰፊው መሃል የተጣበቀች ሱቅ አለች፤ ባለቤቷ አሮጌ ካሜራ የምትገዛና የምትሸጥ፣ መነጽሯን አናቷ ላይ ሰቅላ መነጽሬን አያችሁ የምትል ሴትዮ ናት። የምፈልገውን ስነግራት ባንኮኒው ላይ ጥቁር ጨርቅ አነጠፈችና ሁለት ካሜራ አወጣችልኝ። አንደኛው ከባድ ነው፣ ስታነሺው እጅሽን ወደ ታች ይጎትታል። የላይ ክዳኑን ስትከፍቺው ግን መስታወቱ ቦግ ይላል። ከመስታወቱ በላይ ብድግ የምትል ማጉያም አለችው። መንገዱ፣ ጃንጥላ የያዘው ሰው፣ የማዶው ሱቅ መብራት፣ ሁሉም ግራና ቀኙ ተገልብጦ እዚያች መስታወት ውስጥ ይመላለሳል። ሁለተኛው ቀለል ያለ ነው። ከጎኑ ያለችውን እንደ ምላስ ያለች ማንሻ ስትስቢለት እርር እያለ ቆጥሮ፣ ማንም ሳይነካው ራሱ ያነሳል። መስታወቱ ግን ጉም የገባበት ይመስላል፣ ዳር ዳሩም ጨለማ ነው። ማጉያም የለው።

እንዴት እንደመረጥኩ ስነግርሽ እንዳትስቂብኝ። ዳቦዬ የተጠቀለለበትን ላስቲክ ከኪሴ አውጥቼ ዓይኔ ላይ ጋረድኩት። ሴትዮዋ ደንገጥ ብላ ወደ ኋላ ሸሸት አለች። አባቴ ዓይኑ ደክሟል፣ እሱ በሚያይበት ልይ ብዬ ነው አልኳት። የሱቁን መብራት ቀነስ አደረገችልኝ። በቀላሉ ካሜራ ላስቲኩን ገና ሳላጥፈው ሁሉም ነገር ጠፋ። በከባዱ ግን አጥፌ፣ ደግሜ አጥፌ፣ የማዶው መብራት አሁንም አለ፤ ደብዝዞም ቢሆን እዚያው አለ። ይሄኛው ነው አልኩ። እታለም፣ እዚህ ከመጣሁ ወዲህ የዚያን ቀን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሴትዮዋም ከመሄዴ በፊት ፊልም አስገብቼ እንድሞክረው፣ ካልተስማማኝም መልሼ እንድለውጠው ፈቀደችልኝ።

ከሱቁ ሳልርቅ፣ ጣሪያ ሥር ተጠልዬ ለአባባ ደወልኩለት። ክብደቱን ጠየቀኝ፣ ሌንሱ ላይ ጭረት እንዳለ ጠየቀኝ፣ የመዝጊያውን ድምፅ በስልክ አሰማኝ አለ። ጆሮውን ጥሎ ሰምቶ ጤነኛ ነው ብሎ ፈረደ። ከዚያ ክፈተውና የምታየውን ንገረኝ አለኝ። ነገርኩት። ሰውዬው ወደ ግራ እየሄደ ነው ስል አረመኝ፤ በመስታወቱ ወደ ግራ ከሆነ በመንገዱ ወደ ቀኝ ነው፣ ይሄን እንኳ ረሳኸው አለ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ መብራቱ፣ ውኃው ላይ ስለሚያበራው ነገር ሁሉ ነገርኩት። አባባ በረጅሙ ተንፍሶ አሁን ታየኝ አለ። የአነጋገር ነገር መስሎኝ አለፍኩት።

ከዚያ ነው አንቺ ያን ፎቶ የላክሽው። ዝግጁ ነኝ በይው ብሎ ያስነሳሽ፣ ግራጫ ካፖርቱን ለብሶ ፎቶ ቤቱ በር ላይ የቆመበት። ማረፊያ ክፍላችን ውስጥ ምሳዬን እየበላሁ ነበር። ለቀስ በል አሳየሁትና አባትህ ሸበላ ነው አለኝ። እኔም ኮራ ብዬ ደግሜ አየሁት። ያን ጊዜ ምሳዬን ገፋ አድርጌ ስልኩን ወደ ዓይኔ አቀረብኩት።

አንቺም የፎቶ አንሺ ልጅ ነሽ፣ አይጠፋሽም። ሰው ሲያነሳ እጁን ከሌንሱ አጠገብ ዘርግቶ «ወደ እጄ» የሚለውን አስቢ። የሰውዬው ዓይን ጥቂት ካለፈች አያነሳም ነበር፤ እማማ ምሳው ቀዘቀዘ እያለች እሱ የአንዱን ቀብራራ ዓይን ሲጠብቅ ይቆም ነበር። ያ ሰው ነው በላክሽው ፎቶ ላይ ካሜራውን ያላየው። ሁለቱም ዓይኖቹ ከስልክሽ ዝቅ ብለው፣ ወደ ጎን ሸሽተው፣ አፍሽ ባለበት ቦታ ላይ አርፈዋል። ፈገግ በል አባባ ስትዪው ድምፅሽን ነው ያየው። አንደኛው ዓይኑ ደህና ቢሆን ኖሮ ስልኩን ያይ ነበር። በጣቴ እያሰፋሁ፣ እያሰፋሁ፣ ከዓይኖቹ በቀር ምንም እስከማይቀር አየሁት። የዚያን ቀን ከሰዓት የጫንኩትን ሻንጣ ማን እንደጫነው እግዜር ይወቅ።

ላንቺ ደውዬ የአባባ ዓይን እንዴት ነው ስልሽ፣ ያው ነው፣ ደህና ነው አልሽኝ። ድምፅሽ ከአንገት በላይ ነበር። ተቀየምኩሽ እታለም። ደጋግመሽ ስትደውዪ ስልኩን አይቼ ያላነሳሁት ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም፣ አኩርፌሽ ነው። እኔ ላስቲክ ዓይኔ ላይ እየጋረድኩ መስታወት ስመርጥ እያወቅሽ እንዴት ዝም አልሽኝ እያልኩ ብቻዬን ስነታረክ ሰነበትኩ።

በመጨረሻ አንቺ ገበያ የምትወጪበትን ሰዓት ጠብቄ ለእሱ ደወልኩለት። ሰላምታችንን ከጨረስን በኋላ «አባባ፣ ዓይንህ አያይም አይደል?» አልኩት።  የግድግዳ ሰዓታችን ሲመታ በስልኩ ይሰማኛል። «እኅትህ ነገረችህ?» አለኝ። አልነገረችኝም፣ የላከችው ፎቶ ላይ አየሁ አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ወዴት ነው ያየሁት?» አለኝ። ወደ አፏ ብዬ ነገርኩት። «ስልኩን ከፍ አድርጋ ይዛ ነበራ፤ ስታነሺኝ አታናግሪኝ ብያት ነበር» አለ፣ ልክ ፊልም ላይ እንደተበላሸ እንደማንኛውም ፎቶ። አንጀቴን በላው። እሱ ግን ከልቡ ተናዶ ነበር፣ በዓይኑ ሳይሆን በፎቶው።

ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈልኝ። ሁለተኛው ዓይኑ የመጀመሪያውን ተከትሎ እንደሄደ፣ ሐኪሙ ከእንግዲህ የሚደረግ ነገር የለም እንዳለው፣ ሥራዬን ጥዬ እንዳልመጣ ብሎ አንቺን እንዳስማለሽ ነገረኝ። እማማ እንኳ ማንም ሳይነግራት ነው ያወቀችው አለኝ። አንድ ቀን ወንበርና ጠረጴዛ ከቦታው ማንሳት ተወች፣ መጥረጊያውንም በር ላይ ማስደገፍ ተወች፣ ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ጉዳይ አንድ ቃል አልተነጋገሩም። በደህና ጊዜ ስለ ጨው ማነስ ግማሽ ቀን የሚከራከሩት ሰዎች ናቸው እንግዲህ።

ታዲያ ካሜራው ምን ይሁን አባባ አልኩት። የጠየቅሁት እሱን ለማጽናናት ነበር፣ እኔው ነኝ የተጽናናሁት፣ ወይም የተሰበርኩት፣ የትኛው እንደሆነ እስካሁን አልለየሁም። «ከእንግዲህ ከኋላ መቆም አልችልም» አለኝ። «ወንበር አስቀምጡልኝ፤ ከእናንተ ጋር ልቀመጥ።» እኔ አነሳችኋለሁ ስለው አንተ ከሌለህበት ምኑን ፎቶ ሆነ አለ። ጎረቤት ጠርተን እንድናስነሳ ሐሳብ ባቀርብ ተቆጣ። ዕድሜውን ሙሉ የእኛን ቀን ለጎረቤት የሰጠ ሰው፣ ይቺን አንዷን የሰው እጅ እንዲነካት አልፈለገም። ስልኩን እስክዘጋ ድረስ ጠንክሬ ነበር። ከዘጋሁ በኋላ ግን ቦርሳው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

አራታችንም እንድንገባ፣ ሌላ ሰውም እንዳይነካው ከተባለ፣ ቆጥሮ ራሱ የሚያነሳው ካሜራ ነው የሚያስፈልገን። የገዛሁት አይቆጥርም። ይዤው ወደ ሴትዮዋ ሄድኩ። ለእንዲህ ያለው ካሜራ ከላይ የምትሰካ ትንሽ ቆጣሪ ድሮ እንደነበረች፣ አሁን ግን ብትፈልግም እንደማታገኝ ነገረችኝ። ሁለቱንም መግዛት አቅሜ አይደለም። እንግዲያው ለውጪልኝ አልኳት። ቀላሉን ካሜራ አውጥታ አጠገቡ አስቀመጠችና ግራ ገብቷት አየችኝ። «ለዓይን የሚሻለውስ ይሄኛው አልነበረም እንዴ? ለአባትህ ብለህ የለ?» አለችኝ።  ሐሳቡን ለውጧል ልላት ጀመርኩና ተውኩት፣ የከባዱን ካሜራ ክዳን በእጅጌዬ ጠረግሁ። ሴትዮዋ ከዚያ በላይ አልጠየቀችኝም። ከባዱን ካሜራ ወደ እኔ ገፋ አድርጋ ሌላ ሥራ ያላት መስላ ወደ ጓዳ ገባች።

ክዳኑን ከፍቼ አንድ ጊዜ አየሁበት። ያው መንገድ፣ ያው የማዶ መብራት። ክዳኑን መልሼ የዘጋሁት እኔው ነኝ እታለም። ሐኪሙ ተስፋ የለውም ሲል ወሬ ነበር፣ አባባ ራሱ ሲነግረኝም ወሬ ነበር፤ ያን ክዳን ስዘጋ ነው የአባባ ዓይን በእውነት የጠፋው፣ በእኔ እጅ። ሴትዮዋ ስትመለስ ቀላሉን ጠቅልላ ሰጠችኝ። ፊልም አስገብቼ ሞክሬዋለሁ፣ ቆጠራው አይዛነፍም፣ ፎቶውም ጥርት ያለ ነው። ምንም አይወጣለትም።

አሁን ደብዳቤውን ያስጻፈኝ ነገር ላይ ደረስኩ። ከለወጥኩ በኋላ ሁላችሁም ባላችሁበት የደወልኩትን ታስታውሺያለሽ፤ አንቺ ልጅሽን ልታጥቢ ስትነሺ ስልኩን ለእሱ ሰጠሽው። ድምፁ እንደ ልጅ ድምፅ ደስ ብሎት ነበር። ካሜራውን አውርተን አይሰለቸውም። ስትመጣ ምንም ሳታደርግ መጀመሪያ ጭኔ ላይ አስቀምጥልኝ አለኝ። ክዳኑን እሱ ራሱ ሊከፍተው፣ ወደ መስኮቱ ሊያዞረው፣ ጎንበስ ብሎ ሊያይበት ነው። «እንዳልከው ያለ ብሩህ መስታወት ከሆነ፣ ማን ያውቃል፣ ብርሃኑ እንኳ ይታየኝ ይሆናል» አለኝ። ሐኪሙ ያለውን አልረሳም፣ እሱ ነው የነገረኝ። ቀጠለና «ብሩህ ነው አይደል?» አለ። ለውጬዋለሁ አባባ ማለት ነበረብኝ። በጣም ብሩህ ነው አልኩት።

ስለዚህ ኩርፊያዬን አንስቻለሁ። ያን ሁሉ ጊዜ በየቀኑ አጠገቡ ተቀምጠሽ፣ በአንድ በኩል የእሱን መሐላ፣ በሌላ በኩል የእኔን ጥያቄ ተሸክመሽ እንዴት እንደቻልሽው አሁን ነው የገባኝ። እኔ አንዲት ቃል ዋሽቼ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

የምለምንሽ ይሄን ነው። መለወጤን አትንገሪው። እንደማይደበቀው አውቃለሁ፤ ስንት ዘመን በጨለማ ክፍል ውስጥ በጣቶቹ የሠራ ሰው ነው። ካሜራውን ጭኑ ላይ ሳስቀምጥለት ክብደቱ ወዲያው ይነግረዋል። ክዳኑን ሲከፍት ማጉያዋን በጣቱ ይፈልጋል፣ የለችም። ከጎኑ የቆጣሪውን ምላስ ያገኛል። ያኔ ምን እንዳደረግሁና ለምን እንዳደረግሁ ሁሉ ይገባዋል። አባባን አውቀዋለሁ፣ ስለ መለወጡ አንድ ቃል አይወጣውም። ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ ጎንበስ ብሎ ቆይቶ፣ ብሩህ ነው ይለኛል። እውነትህን ነው፣ በጣም ብሩህ ነው ይለኛል። ያን ጊዜ አንቺም እማማም ዝም በሉልኝ።

ፎቶውን የምንነሳ ቀን የፎቶ ቤቱን በር ቆልፊልኝ፣ ማንም ቢያንኳኳ አይከፈትም። አባባ መሃል ይቀመጣል። አንቺ በግራው ሁኚና እጁን ያዥው። እኔ ምላሱን ስቤ ሮጬ እገባለሁ፤ ቆጠራው ሲያልቅ እጁን ጨበጥ አድርጊለት፣ መቼ እንደተነሳ ይወቅ። እንዳታናግሪው ብቻ። ፊልሙ ታጥቦ እስኪወጣ ድረስ እኔ ወደዚህ ተመልሼ ይሆናል፣ ፎቶውን የምታዩት አንቺና እማማ ናችሁ። ወዴት እንዳየ መጠየቁ አይቀርም። ቀጥ ብሎ ካላየ እውነቱን ንገሪው፤ በፎቶ ጉዳይ ማንም ሲዋሸው አይወድም።

ቦርሳውን ከአሁኑ እያሰናዳሁ ነው። ከታች ለእማማ የገዛሁት ወፍራም ሹራብ፣ ከሱ በላይ ካሜራው በፎጣ ተጠቅልሎ፣ ከላይ ለትንሿ ያልኩት አሻንጉሊት። ቀስ በል መጥቶ አነሳ አነሳ አድርጎ አየውና ይሄ ቦርሳ ቀሎኛል አለ። ድሮ ካሜራው ከባድ ነበር አልኩት።

ለእማማ ጉልበቷን ስሜያለሁ፤ ወንበሮቹን ስላላንቀሳቀሰች አመሰግናታለሁ፣ ይሄን ግን አንቺ በዘዴ ነው የምትነግሪያት። ለባለቤትሽ ለመንገዱ ጸሎቴ አይለየውም፣ ጎማውን ሳያይ እንዳይነሳ በይልኝ። ትንሿን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ፣ ጥርሷ ባይበቅልም በስልክሽ ስታነሺያት አፏን እንዳትከድን። ግድግዳ የምንጋራትን ልብስ ሰፊ ጎረቤታችንንም ሰላም በይልኝ፤ በሩን ስላልከፈትንላት እንዳትቀየመን ቀደም ብለሽ ሹክ በያት።

ለአባባ ያለኝን ሰላምታ በስልክ እሰጠዋለሁ፣ ይህን ግን አታንብቢለት። ደብቀሽ ብታነቢውም ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ መስማቱ አይቀርም፣ ጆሮው እንደሆነ ማንም አልነካበትም። ምን ይላል ብሎ ከጠየቀሽ፣ ደህና ነኝ፣ ካሜራውንም ቦርሳው ውስጥ አስገብቼዋለሁ ይላል በይው።

ታናሽ ወንድምሽ

ከሻንጣ ጫኞች ማረፊያ ክፍል፣ ዝናቡን እየጠበቅን ሳለ
ረቡዕ፣ ኅዳር 9